ሦስተኛ ማዕረግ፦ እስያን በትንሽ ገንዘብ የዞሩ መጻሕፍት

አማርኛ «ርካሽ» ለሚለው ቃል ሁለት ፊት ሰጥቶታል። ሽንኩርት ሲረክስ ደስ ይለናል፤ ሰው ሲረክስ አንገታችንን እንደፋለን። ዋጋው የወረደ ዕቃና ክብሩ የወረደ ሰው አንድ ግሥ ይጋራሉ። ላለፉት ጥቂት ወራት እስያን በትንሽ ገንዘብ ስለ መዞር የተጻፉ መጻሕፍትን ሳነብ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፤ ዘውጉ በሙሉ በሁለቱ ፊቶች መሃል ነው የሚመላለሰው። ደስታው እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። «ግን የማን ኑሮ ስለረከሰ ነው እኔ የተደሰትኩት?» የሚለው ጥያቄ ከእያንዳንዱ ሳህን ሩዝ ጋር አብሮ ይቀርባል። ጥሩ ጸሐፊ ሁለቱንም ይበላቸዋል። ደካማው ሩዙን ብቻ በልቶ ዋጋውን ይነግረናል።

ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠራ «ዓ.ም.» እላለሁ።) በ1972 ቶኒና ሞሪን ዊለር የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት ከለንደን በአሮጌ መኪና ተነሡ። መኪናዋን ካቡል ሲደርሱ ሸጧት። ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በጀልባ፣ ሊፍት እየለመኑም ጭምር ሄደው በዓመቱ መጨረሻ ሲድኒ ሲገቡ ኪሳቸው ውስጥ የቀረው 27 ሳንቲም ነበር። ያገኛቸው ሁሉ «እንዴት አደረጋችሁት? ስንት ፈጀባችሁ?» እያለ ሲያስቸግራቸው መልሱን ጽፈው፣ ገጾቹን በእጃቸው ደርድረውና በስቴፕለር አያይዘው በ1973 አሳተሙት። ርዕሷን «እስያን በርካሽ ማቋረጥ» ብለን እንመልሰው። ሎንሊ ፕላኔት የሚባለው ግዙፍ የመንገድ መሪ አሳታሚ የተወለደው ከዚያች ቀጭን መጽሐፍ ነው። በ1975 ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የወጣችው ተከታይዋ ሽፋኗ ቢጫ ስለነበር መንገደኞች «ቢጫው መጽሐፍ ቅዱስ» የሚል ስም አወጡላት።

እነዚህን መጻሕፍት እንደ ሥነ ጽሑፍ የሚያነባቸው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር የፈጠሩ ይመስለኛል፦ አዲስ ዓይነት ጀግና። የድሮ ተጓዥ ጀብዱው ተራራ መውጣት፣ በረሃ ማቋረጥ፣ ከሽፍታ ማምለጥ ነበር። የዚህኛው ጀብዱ ገንዘቡን ማብቃቃት ነው። ክብሩን የሚለካው ባወጣው ሳይሆን ባላወጣው ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይ «ባንኮክን በቀን 10 ዶላር» የሚል ቪዲዮ የሚለጥፈው ልጅ የነሱ የልጅ ልጅ ነው፤ እሱ ራሱ ባያውቀውም።

የመሬቱ መንገድ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1979 ኢራን ውስጥ አብዮት ሆነ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሶቭየት ኅብረት አፍጋኒስታን ገባች፣ ከኢስታንቡል እስከ ካትማንዱ በአውቶቡስ መንፏቀቅ አበቃ። ዘውጉ ግን አልሞተም፤ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ አለ። በነገራችን ላይ ያቺ ቀጭን መጽሐፍ በወጣችበት በ1973 ነው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ቻይና መብረር የጀመረው። አየር መንገዳችን እስያን ካወቃት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ተሳፋሪው ምን ጻፈ የሚለውን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

እኔ ቻይና የሄድኩት በስኮላርሺፕ ነው፣ ዉሃን ከተማ። የተማሪ አበል ምን ያህል እንደሆነ የተማረ ያውቀዋል። ስለዚህ እረፍት ሲመጣ የምሳፈረው አሮጌው ቀርፋፋ ባቡር ላይ ነበር፤ ያውም «ጠንካራ መቀመጫ» በሚባለው ማዕረግ። በአንድ በኩል ሦስት ሰው፣ በሌላው ሁለት፣ ፊት ለፊት ተፋጦ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ ይቀመጣል። መቀመጫ ሲያልቅ የመቆሚያ ትኬት ይሸጣል፤ የሚገርመው የቆመውም የተቀመጠውም የሚከፍለው እኩል ነው። በየፉርጎው ጫፍ የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ አለ፣ ሕይወት ሁሉ እዚያ ዙሪያ ነች። ኑድል የሚዘፈዝፈው፣ ሻይ የሚሞላው፣ የልጅ ጡጦ የሚያጥበው ይሰለፋል።

እኔም እናቴ በሻንጣዬ ጠቅጥቃ የላከችውን በሶ ይዤ ተሰለፍኩ። ወደ ኩንሚንግ ነበር የምንሄደው፣ ከሃያ ሰዓት በላይ መንገድ። በሶዬን በኩባያ በጥብጬ ተመልሼ ስቀመጥ ፉርጎው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ይሄማ ዛንባ ነው!» አሉ። በወጣትነታቸው ቺንግሃይ ሠርተዋል፤ ዛንባ የቲቤት ሰው ከተቆላ ገብስ ፈጭቶ የሚበላው ምግብ ነው። በሶ ማለት ነው፣ በቃ፤ ልዩነቱ እነሱ በቅቤና በሻይ መለወሳቸው ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሰውዬው ለሚያልፈው ሁሉ ያስረዱ ጀመር፦ ይህ ልጅ ከአፍሪካ ነው፣ አገሩ ከፍታ ላይ ነው፣ ገብስ ያበቅላሉ። እኔ ስለ አገሬ ከተናገርኩት በላይ እሳቸው ስለ አገሬ ተናገሩ። ገንዘብ ኖሮኝ በፈጣኑ ባቡር ብሄድ ኖሮ ቶሎ እደርስ ነበር፤ ከጎኔ የሚቀመጠውም ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሰው ይሆን ነበር።

ስለዚህ ርካሽ ጉዞ ለጸሐፊ የሚሰጠው ነገር ሰው ነው እላለሁ። ብር ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ሲነሳ ወሬ ይገባል። ይህን ከሁሉም በላይ የገባው መጽሐፍ የቪክራም ሴት «ከሰማይ ሐይቅ» ነው፣ በ1983 የታተመ። ሴት ዛሬ በትላልቅ ልቦለዶቹ የሚታወቅ ሕንዳዊ ጸሐፊ ነው፤ ያኔ ግን ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የውጭ ተማሪ ነበር። በ1981 ክረምት ከተማሪዎች ጋር በተደራጀ ጉብኝት ወደ ሺንጂያንግ ሄደ። ከዚያ ጉብኝቱ ሰለቸው። ወደ አገሩ ለእረፍት የሚመለሰው በአውሮፕላን መሆኑ ቀርቶ በቲቤትና በኔፓል አድርጎ በመሬት እንዲሆን ወሰነ።

ለዚህ ማኅተም ያስፈልገዋል። የውጭ ሰው በወቅቱ ቻይና ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የከተሞቹ ስም አንድ በአንድ በተጻፈበት ፈቃድ ነው፣ ላሳ የሚል ስም ደግሞ በቀላሉ አይጻፍም። ቱርፋን ላይ አንድ ምሽት ሴት እንዲዘፍን ይለመናል። የራጅ ካፑርን «አዋራ» የተባለ የ1951 ፊልም ዘፈን ያነሣል፤ ታዳሚው ዘፈኑን ያውቀዋል! በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ ነገሩ ቀለለለት፤ ማኅተሙን አገኘ። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። የሕንድ ፊልም ምን ያህል አገር እንደዞረ ለኛ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ወላጆቻችን ቋንቋውን ሳይሰሙ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለቀሱለት ፊልም እኮ ነው። አባቴ ቱርፋን ቢሄድ እሱም ማኅተሙን ያገኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ የጭነት መኪና መጽሐፍ ነው። ሱይ የሚባል ሹፌር ያሳፍረዋል፤ ሲጋራውን እያከታተለ የሚያጨስ፣ መንገዱን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው። ጋቢናው ውስጥ ተጠጋግተው ለቀናት ይሄዳሉ። ጭቃ አለ፣ የከፍታ ራስ ምታት አለ፣ ብርድ አለ። ሴት ስለ ተራራው ሲጽፍ ይቆጥባል፤ ስለ ሱይ ሲጽፍ ግን ይለቀዋል። ላሳ ሲደርስም በባህል አብዮቱ ስለፈራረሱት ገዳማት ዝም አይልም፤ አገሩን ሕንድንና ቻይናን ጎን ለጎን አስቀምጦ ድኻው የት የተሻለ ይኖራል ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱም ለየትኛውም ወገን አይመችም። ርካሽ ነገር አገኘሁ ብሎ ሲፎክር አላየሁትም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፦ እሱ የመጣው ድህነትን ለማየት ትኬት ከሚቆረጥበት አገር ሳይሆን፣ ሌሎች ትኬት ቆርጠው ከሚያዩት አገር ነው።

ሌላው የወደድኩት መጽሐፍ የጃፓናዊው ኮታሮ ሳዋኪ «ሺንያ ቶክዩ» ነው፣ «የእኩለ ሌሊት ፈጣን ባቡር» እንደ ማለት። የቻይንኛ ትርጉሙን በመዝገበ ቃላት እየተደገፍኩ ነው ያነበብኩት፣ ስለዚህ ስለ አጻጻፉ ውበት ብዙ አልፈርድም። ርዕሱ የእስረኞች ቋንቋ ነው፤ ቱርክ አገር የታሰሩ የውጭ ሰዎች ማምለጥን የሚጠሩበት። ሳዋኪ በ26 ዓመቱ ሥራውን ጥሎ ከዴሊ ለንደን ድረስ በሕዝብ አውቶቡስ መሄድ ይቻላል አይቻልም የሚለውን ለመሞከር ተነሣ። ዴሊ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ቆመ፣ ከዚያ ማካዎ ገብቶ ዳይስ ቁማር ያዘው፣ ከዚያ ባንኮክ... ጉዞው ሳይጀመር ገና ብዙ ምዕራፍ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በ1986፣ ሦስተኛው በ1992 ወጡ፤ ለጃፓን ወጣቶችም ቢጫው መጽሐፍ ለፈረንጆቹ የሆነውን ሆነላቸው።

የሳዋኪ ደስታ የሆንግ ኮንግ ደስታ ነው፦ ግፊያው፣ ገበያው፣ ጀልባው፣ ማታ የሚበራው መንገድ። ምንም አይገዛም፣ ብቻ ይዞራል። የምቀናው በዚህ ነው። በዚያ ሕዝብ መሃል ፊቱ አያጋልጠውም፤ ገብቶ ይሟሟል። እኔ ኩንሚንግ ገበያ ውስጥ አንድ ኪሎ ብርቱካን ለመግዛት አራት ሰው ጋር ፎቶ ተነሥቻለሁ። በጥላቻ አልነበረም፣ እንዲያውም ባለ ሱቋ ብርቱካን መረቀችልኝ። ግን ሳይታዩ ማየት የሚባለው የመንገደኛ ጸጋ ለሁሉም እኩል እንዳልታደለ ያኔ ገባኝ፤ መጻሕፍቱም ስለዚህ ብዙ አያወሩም።

ሳዋኪን ከብዙዎቹ የሚለየው ደስታው ሲያረጅ አለመደበቁ ነው። ጉዞም እንደ ሰው ልጅነት፣ ጉርምስናና እርጅና አለው የሚል ሐሳብ ያነሣል፤ ወደ አውሮፓ እየቀረበ በሄደ ቁጥር ዓይኑ ይደክማል፣ ሰዎቹም ይደበዝዛሉ። እኔ ይህን ድክመት ብዬ አልቆጥረውም። ኢንስታግራም ላይ መቶኛው ቀን እንደ አንደኛው ቀን ያበራል፤ እንዲያ ያለ ጉዞ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደማልወደው ልሂድ። ማለቴ፣ የአሌክስ ጋርላንድ «ዘ ቢች» (1996) ማንበብ ስጀምር ማቆም አልቻልኩም፣ አንድ ሌሊት ነው የፈጀብኝ። ግን መውደድና አለማቆም ይለያያሉ። ሪቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ ጎረምሳ ባንኮክ፣ ካኦ ሳን መንገድ ላይ ያለ ርካሽ ማደሪያ ያርፋል፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለው እብድ ሰው ካርታ ትቶለት ራሱን ያጠፋል። ካርታው ቱሪስት ወዳልደረሰበት ደሴት ይመራል። እዚያ ጥቂት የውጭ ሰዎች ዓሣ እያጠመዱ፣ አትክልት እየተከሉ፣ ከዓለም ተደብቀው ይኖራሉ።

ጋርላንድ ሞኝ አይደለም። ገነት ፈላጊው ራሱ ገነቱን እንደሚያጠፋ ያውቃል፤ መጽሐፉ የተጻፈውም ለዚህ ነው። ከሁሉ የምወደው ዝርዝር የሩዙ ነው። ራሳችንን ችለናል የሚሉት እነዚህ ሰዎች ሩዝ ሲያልቅባቸው በጀልባ ተደብቀው ኮ ፋንጋን ሄደው ከሱቅ ይገዛሉ። የታይ ገበሬ ያበቀለው፣ የታይ ነጋዴ የሸጠው ሩዝ ነው እንግዲህ ገነቱን ያቆመው። ታዲያ ያ ገበሬ የት አለ? መጽሐፉ ውስጥ የለም። የታይላንድ ሰው ጎልቶ የሚታየው ጠመንጃ ይዞ ካናቢስ እርሻ ሲጠብቅ ነው። ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን «የአገሩን ሰው አታዩም» እያለ ይከሳል፣ እሱም አያይም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚሉ አንባቢዎች አሉ፤ ዕይታው የሪቻርድ ነው ይላሉ። ይሁን። ግን አራት መቶ ገጽ ያህል ሙሉ አንድ ሩዝ ሻጭ ስም ካጣች፣ ስም የነሣት ሪቻርድ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

የሆነው ሁሉ ደግሞ ከልቦለዱ ይብሳል። ፊልሙ በ2000 ሲወጣ የተቀረጸው ፊ ፊ ሌ ደሴት ላይ፣ ማያ ቤይ በሚባል ጠባብ የባሕር ዳርቻ ነበር። ለቀረጻው ተብሎ አሸዋው ተደለደለ፣ የኮኮናት ዛፍ ተተከለ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቶ ለዓመታት ተጓተተ። ከዚያ ፊልሙን ያየ ሁሉ መጣ። በቀን እስከ 5,000 ሰው ይጎርፍ ነበር። ኮራሉ ስለተጎዳ መንግሥት በ2018 ዳርቻውን ዘጋው፣ በ2022 መጀመሪያ በገደብ ከፈተው። ቱሪስት ያልደረሰበት ቦታ ስለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ ታሪክ ያን ያህል ቱሪስት ጠራ። አንድ ተቺ ከዚህ በላይ ምን ይጽፋል።

«ታዲያ ቤታችን ተቀምጠን እንድንቀር ነው የምትፈልገው?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዴ፣ በጭራሽ! ከባንኮክ አዩታያ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር መሄድ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ገንዘብ ይፈጃል፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሻጮች በቅርጫት የተጠበሰ ዶሮና የሚያጣብቅ ሩዝ ይዘው ይመላለሳሉ፣ ነፋሱ ፊት ላይ ይመጣል። ሃኖይ ጥግ ላይ ትንሿ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ጉልበት አገጭ እስኪነካ ተቀምጦ ትኩስ ፎ መብላት አለ። ከሃኖይ እስከ ሳይጎን 1,726 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ባቡር ላይ ከሠላሳ ሰዓት በላይ ተጉዞ፣ ጠዋት ነቅቶ ባሕሩ መስኮቱ ሥር ሲገኝ ማየት አለ። እኔ ያልወደድኩት ሳንቲም ላይ የሚደረገውን ክርክር ነው፤ የራሱን የሻይ ሒሳብ ሳያይ የሚከፍል ሰው የመንደር ሴት ከሸመነችው ሻርፕ ላይ ግማሽ ዶላር ሲያስቀንስ፣ ያንንም እንደ ገድል ሲጽፈው። የኛ አገር የፒያሳ ሱቅ ይሁን መርካቶ ዋጋ እንከራከራለን፣ እኔም እከራከራለሁ። ግን ማን ያንን ታሪክ ብሎ መጽሐፍ ውስጥ ያስገባዋል?

የኛስ የእስያ መጽሐፍ የት አለ? አንድ አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው፤ አንድ የአፍሪካ ምሁር ጃፓንን «እኛም እንዲህ መሆን እንችላለን» በሚል ዓይን ሲያያት ማየት በራሱ ይበቃል። ግን የመንግሥት እንግዳ ጉዞ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የሚያስገባ ጉዞ። «መሸብኝ፣ ቤት ለእንግዳ» ብሎ ደጅ የሚቆም መንገደኛ እዚያ ውስጥ አይገኝም። ያ መንገደኛ በባህላችን ቦታ ነበረው፤ ስንቁን በአቁማዳ ይዞ የሚሄድ ነጋዴ፣ የቆሎ ተማሪ፣ ኢየሩሳሌም ተሳላሚ። ኢየሩሳሌምም እኮ እስያ ናት።

ዘንድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በርካሽ መዞር የሚጀምረው ባቡር ጣቢያ አይደለም፣ ኤምባሲ ነው። የባንክ ደብተር፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሆቴል ቦታ፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። አንድ ቪዛ ክፍል ውስጥ ያለች ሴት ማመልከቻዬን አገላብጣ «ለምንድን ነው የምትሄደው?» አለችኝ። «ለመዝናናት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ቃሉን በኛ ወረፋ ላይ ብዙ ጊዜ የሰማችው አልመሰለኝም። ዊለሮች 27 ሳንቲም ይዘው መግባት የቻሉበትን ድንበር እኛ ለማለፍ በባንክ ብዙ ሺህ ብር ማሳየት አለብን። የዚህ ዘውግ መጻሕፍት ድህነትን እንደ ልብስ ለብሰው ያወልቁታል፤ እኛ ደግሞ ሀብታም መስለን ካልቀረብን አናልፍም።

ደግሞም ስለ እስያ ብዙ የምታውቀው ኢትዮጵያዊት ማን ናት? ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት የሠራችው ናት። ካርታውን ዘርጉት፣ ሁሉም እስያ ነው። አብዛኛው ታሪኳ ስለ ሥራና ስለ በደል ነው፣ እሱም መጻፍ አለበት። ግን አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ በምሳፈርበት አውሮፕላን ከጎኔ የተቀመጠች፣ ዘጠኝ ዓመት ቤሩት የኖረች ሴት የነገረችኝ ስለ ዕረፍት ቀኖቿ ነበር። በየእሑዱ ከጓደኞቿ ጋር በሚኒባስ ትወጣለች። ጁኒዬ ወርዳ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄደው መኪና ተራራው ላይ ሐሪሳ ድረስ ወጥታ ለእመቤታችን ሻማ ታበራለች። ቢብሎስ ሄዳ ፍርስራሹን አይታለች፣ ትሪፖሊ ጣፋጭ በልታለች። ሚኒባሱ ስንት፣ ሳንድዊቹ ስንት፣ ሻማው ስንት እንደሆነ ሁሉንም በደብተር ጽፋዋለች፤ ያኔ የጻፈችው ለቤተሰብ የምትልከው ገንዘብ እንዳይጎድል ነበር።

ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። ሰማያዊ ልባስ፣ ዳርቻው የተላጠ፣ ቀን በቀን የተጻፈ። በአንዳንዱ ሒሳብ አጠገብ አጭር ነገር አለ፦ ዝናብ ነበር፤ ሹፌሩ አልቀበልም አለ፤ ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው» አልኳት።

«የምን መጽሐፍ?» አለች እየሳቀች። «ሒሳብ ነው፣ የኔ ወንድም።» ገጹን ገልብጣ አንድ መስመር በጣቷ ነካችና ቢብሎስ ወደብ ላይ ስለበላችው ዓሣ ትነግረኝ ጀመር፤ ለሦስት ሆነው አንድ ሳህን እንዳዘዙ፣ ባለቤቱ ደግሞ ዳቦውን ሦስት ጊዜ እንደሞላላቸው።